ድንኳን የሌለው ለቅሶ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። 32 ዓመቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። የምጽፈው ነገር ያሳፍረኛል። ግን ለማን እንደምናገረው ጠፋኝ።

የ2015 የመስቀል ለት ቡና እያፈላሁ ስልኬን ሳይ ማዲንጎ አፈወርቅ ሞተ ይላል። ጀበናውን ከእሳት ሳላወርድ ተነሥቼ ወጣሁ። ቡናው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። አማቴ ‹ዘመድሽ ነው?› አሉኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ። ቀናት ሲያልፉ ግን ተናደደ። ‹ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት አገር አንቺ ለዘፋኝ ታለቅሻለሽ?› ይለኛል። መልስ የለኝም።

ድሮም እንዲህ ነኝ። ኢዮብ መኮንን በቡሄ ዋዜማ የሞተ ጊዜ ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ካሴቱን የሰጠኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱም በመተማ አድርጎ ሱዳን ከገባ በኋላ ሁለቴ ደውሎ ድምፁ ጠፋ። ኤልያስ መልካ ሲሞትም ያው ነው የሆንኩት። አሁን በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ማንን ይወስድብኝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።

ማታ ሁሉም ሲተኛ የሞቱ ዘፋኞችን ቪዲዮ ሳይ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እቆያለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሚሞሪ ላይ ያስሞላሁትን አዳምጣለሁ። ጠዋት ማሽኑ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። የሰው ልብስ በቀጠሮው አላደርስም።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ሞቱና ቡሬ ለቅሶ ሄድኩ። እንባ እምቢ አለኝ። ዘመድ ሁሉ አየኝ። ‹ለዘፋኝ የምታለቅስ ለአጎቷ ደረቀች› ተብዬ ታማሁ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ለዘፋኝ ማልቀስስ ኃጢአት ነው?»

እህት ዓለም፣ ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነበር። ቦታ እንዲበቃው አሳጠርኩት። ሳሳጥረው ግን ሁለት ነገር ለመቁረጥ እጄ እምቢ አለኝ። አንዱ የገነፈለው ቡና ነው። ሌላው የወንድምሽ ነገር ነው። አንቺ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን አላልፈውም። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ በዓሉ። ፍርሃትሽ እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ነው፤ የፋሲካ እሑድ። ኢዮብ ነሐሴ 12 ቀን 2005 ናይሮቢ ላይ ሲያርፍ እዚህ ልጆች ለነገው ቡሄ ጅራፍ ያጮሁ ነበር። ገና አርባ እንኳ አልሞላውም። ማዲንጎ መስከረም 17። ሦስቱን ቀን በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስጽፋቸው እኔንም ሰቀጠጠኝ። ግን ኤልያስ መልካ የሞተው መስከረም 23 ቀን 2012 ነው። ምንም በዓል አልነበረም። አንቺም በደብዳቤሽ ቀኑን አልጻፍሽውም፤ «ሲሞትም ያው ነው የሆንኩት» ብለሽ አለፍሽ። በዓል ሰው አይወስድም። በዓል ለት የሞተ ሰው ቀኑ አይረሳም እንጂ። ምክንያቱም የዚያን ለት የት እንደቆምን፣ እጃችን ላይ ምን እንደነበረ፣ ማን አጠገባችን እንደነበረ እናውቀዋለን። በማይታወቅ ማክሰኞ የሞተውን ግን ዓመቱን እንኳ እንሳሳታለን።

እኔ ጥላሁን የሞተ ጊዜ ቢቸና አባቴ ቤት ነበርኩ። ለፋሲካ ከነልጆቼ ሄጄ። ሰኞ ጠዋት ነው፤ 55 ቀን የተጾመው ጾም ገና ትናንት ተፈትቶ ሁሉም ሰው ወጡ ላይ ነው። ሬዲዮው ተናገረ። አባቴ ጠቅልሎ ወደ አፉ ያነሣትን ጉርሻ ቀስ አድርጎ ወደ ትሪው መለሳት። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣና የደጁ መደብ ላይ ተቀመጠ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። እንባው ቅርብ የሚባል ሰው አልነበረም። እናቴ ከውስጥ ሆና «ለዘፋኝ!» አለች። ልክ እንደ አማትሽ።

ጎረቤታችን መሪጌታ ነበሩ። ዘፈን የሚባል ነገር ደጃቸውን አያልፍም። ልጆቻቸው ሬዲዮ ከከፈቱ ቁጣቸው እኛ ግቢ ድረስ ይሰማል። እሳቸው ናቸው በዚያ ሰዓት የመጡት። የሚገሥጹት መስሎኝ ጆሮዬን አቆምኩ። መደቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጡና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት። አባቴ «አሜን። አብረን ነው ያደግን» አለ።

አብረን ነው ያደግን! ጥላሁን ያደገው ወሊሶ ነው፤ አባቴ ቢቸና። በሕይወቱ አንድ ቀን በዓይኑ አላየውም። እውነት የሆነችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ሁለቱም የተወለዱት በ1933 ነው። መሪጌታ አልሳቁም። «እኩያ ሲሞት ከባድ ነው» አሉ። እናቴ አፍራ ቡና አቀረበች። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። ከዚያ መሪጌታ «ነፍስ ይማር» ብለው ተነሡ። አባቴም ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ «ያቺ የተውኳት የታለች?» አለ። በላ።

ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደ ቀልድ አውርቼዋለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ቀልድነቱ ጠፋኝ። አባቴ ለቅሶ ደራሽ አገኘ። አንቺ አላገኘሽም። ልዩነታችሁ እሱ ብቻ ነው።

እስቲ አስቢው። እኛ ጎጃሞች ሐዘን እንዴት እንደሚያዝ ማንም አያስተምረንም። ሰው ሲሞት መርዶ ነጋሪው ጎህ ሲቀድ ይመጣል። እድሩ ድንኳን ይተክላል። ነጠላ ይዘቀዘቃል። ንፍሮ ይቀቀላል። የሟቹ ጋቢ፣ ፎቶው፣ ጠመንጃ ከነበረው ጠመንጃው ይወጣል። አልቃሿ ምን እንደሠራ፣ ማንን እንደረዳ፣ ለማን ምኑ እንደነበረ በሙሾ ታወርደዋለች። ሰው ሁሉ ለአንቺ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልሻል፤ ስታለቅሺ የሚይዝሽ፣ ሳትበዪ የሚያጎርስሽ አለ። ከዚያ ሰልስት ይወጣል። ድንኳኑ ይነሣል። የእድሩ ሰው አግዳሚውን እየቆጠረ ይረከባል። አንድ እንኳ ብትጎድል ይጨቃጨቃል። እኔ ልጅ ሆኜ ይሄ የወንበር ቆጠራ ያናድደኝ ነበር፤ ሰው ሞቶ እነሱ ስለ ወንበር! አሁን ሳስበው ግን ሐዘንተኛውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው እሱ ነው። በቃ፣ አግዳሚው ተቆጠረ። ነገ ከብቱ ይወጣል፣ ሊጡ ይቦካል። ሙቱ አልተረሳም፤ ለእሱ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ።

የአንቺ ለቅሶ ይሄ ሁሉ የለውም። መርዶሽን የነገረሽ ስልክ ነው፤ ያውም ጀበና እሳት ላይ ሆኖ። ድንኳን አልተተከለልሽም። ስላልተተከለ ደግሞ የሚነሣበት ቀን የለም። ማታ ማታ ብቻሽን ለቅሶ ቤት ትገቢያለሽ፤ ለቅሶ ቤትሽ ስልክሽ ነው። እሱ ደግሞ ሰልስት አያውቅም። ቲክቶክ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የትኛው ቪዲዮ ላይ ዓይንሽ እንደቆየ አይቶ ያንኑ የሚመስል ያመጣልሻል። የቀብር ቪዲዮ ላይ ቆየሽ? ሌላ ቀብር። እሱ ላይ አለቀስሽ? የባሰ የሚያስለቅስ። የሰው አልቃሽ ቢሆን ጉሮሮዋ ይደርቃል፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ይመሽባታል። ይሄ አይደክመውም። ቪዲዮውን ከሚያቀናብሩት ውስጥ ደግሞ ያዘነ ጥቂት ነው፤ ብዙው እንባሽን ቆጥሮ ተመልካች የሚያደርግ ነጋዴ ነው። ይሄን ስል ትንሽ እንደምቆጣ ይገባሻል።

«ግን እኮ አላውቀውም» ትዪ ይሆናል። አንቺ ባትዪ ባለቤትሽ ይላል። የስፌት ቤትሽን ልገምት። ማሽኑ፣ የተቆረጠ ጨርቅ፣ ክር፣ ጥግ ላይ ስልክ ወይ ፍላሽ የተሰካበት ድምፅ ማጉያ። በቀን ስምንት ሰዓት። ይሄ ሰው ጆሮሽ ላይ ሲዘፍን ስንት ዓመቱ ነው? ከአጎትሽ ጋር በሕይወትሽ ሁሉ ያወራሽው ቢደመር የአንድ ወር ስፌት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሆርተንና ዎል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለዚህ ነገር ጽፈው ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ የምንሰማውን ሰው እንደ ቅርብ ወዳጅ እናውቀዋለን፤ እሱ ግን አያውቀንም፤ የአንድ ወገን ዝምድና ነው አሉ። እብደት አላሉትም። ሰው ድምፅ ሲሰማ ዘመድ ማድረግ ተፈጥሮው ነው።

ለእኛማ አዲስ አይደለም። የእኛው አገር ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህና ሰብለ የሉም፤ አልተወለዱም፤ አልሞቱም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርካቸው ግን እናቴ እንጀራ ምጣድ ላይ እያረረባት ስታለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺው «ለዘፋኝ!» ያለችው እናቴ።

ደግሞ ይሄን ጨምሪበት። ሰው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያለውን ትዝታ ከሌላው ዕድሜው አብልጦ እንደሚይዝ አጥኚዎች ደጋግመው አይተዋል። የዚያን ጊዜ የሰማነው ዘፈን ትዝታውን ጎትቶ ይዞ ይመጣል። የኢዮብ የመጀመሪያ አልበም «እንደ ቃል» ሲወጣ አንቺ ለአቅመ ሔዋን ገና እየደረስሽ ነበር። ያንን አልበም ያቀናበረው ማን ነው? ኤልያስ መልካ። ለሁለት ሰው ያለቀስሽ ይመስልሻል እንጂ አንድ ካሴት ነው ሁለት ጊዜ የሞተብሽ።

ካሴቱን ደግሞ የሰጠሽ ወንድምሽ ነው።

አየሽ፣ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ የራሱን ሙት ነው የሚያለቅሰው ሲባል ሰምተሻል። እውነት ነው። ጎረቤት ሞቶ የምታለቅሰው ሴትዮ ከሦስት ዓመት በፊት የቀበረችውን ልጇን እየጠራች ነው፤ ማንም አይታዘባትም። አንቺ ወንድምሽን የት አለቀስሽው? አልሞተማ። ስላልሞተ ድንኳን የለውም፤ አጠገብሽ ስለሌለም ደስታ የለውም። እድር ለእሱ አይሰበሰብም። «ድምፁ ጠፋ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ልብ ብለሽዋል? ድምፅ ነው ያልሽው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ የምትሰሚው ደግሞ የሄዱ ሰዎችን ድምፅ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄ ነው በሽታሽ ብዬ አልፈርድም። ምናልባት ተሳስቻለሁ። ግን ማታ ስልክሽን ስትከፍቺ አንድ ጊዜ ራስሽን ጠይቂ፤ ማንን ነው የምፈልገው?

አደራ፣ ወንድምሽን እንደ ሙት አታልቅሺው። ፈልጊው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ ሥራ ይሠራል። ክፍያ የለውም። በአቅራቢያሽ ያለውን ቅርንጫፍ ጠይቂና ሙሉ ስሙን፣ የእናትና የአባቱን ስም፣ የልደት ዘመኑን፣ መቼና በየት እንደወጣ፣ መጨረሻ የደወለበትን ቁጥርና የነበረበትን ከተማ ይዘሽ ሂጂ። ፎቶም ያዢ። «አፈላልጌ እሰጥሃለሁ» ብሎ በስልክ ገንዘብ ለሚጠይቅሽ ሰው አንድ ብር እንዳትልኪ። ሊቆይ ይችላል። መልሱ ላይመጣም ይችላል። ግን ሰው ቁጭ ብሎ ጉዳዩን ሲጽፍልሽ፣ ስሙን ፊደል በፊደል ስትነግሪው፣ ወንድምሽ ቢያንስ አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጣል።

ባለቤትሽን አትጥዪው። ያለው ነገር ስለ አገሩ እውነት ነው። በእኛ አካባቢ በዚህ ዘመን ለቅሶ ያልደረሰበት ቤት መፈለግ ያስቸግራል። የተሳሳተው እንባ እንደ ቀበሌ ዘይት በኮታ የሚታደል መስሎት ነው፤ ለዘፋኝ ከሄደ ለጎረቤት የሚያልቅ። አያልቅም። እንዲያውም እንደሱ ያለ ብዙ ሞት ሲበዛ ሰው በሩቁ ሰው ላይ ነው የሚያለቅሰው፤ የቅርቡን አልቅሶ መጨረስ ስለማይችል። ይሄን በእርጋታ ንገሪው። ካልገባው ደግሞ ማራዶና በኅዳር 2013 የሞተ ጊዜ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቂው። ስንቱን አባወራ አውቃለሁ፣ ዘፋኝ ሲሞት ስቆ ለማራዶና ራቱን የተወ!

ስለ አጎትሽ ብዙ አልልም። ሄደሻል፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ሥራሽን ዘግተሽ። ተቀምጠሻል። ለቅሶ መድረስ ማለት እሱ ነው። እንባ ለታይታ የሚወጣ ነገር አይደለም። ያሙሽ ዘመዶችሽ እንባሽን ከመቁጠር ንፍሮ ቢቆረጥሙ ይሻላቸው ነበር።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው። ዘፈንን የሚመለከተውን ለንስሐ አባትሽ ልተወው፤ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። አንቺ የጠየቅሽው ግን ሌላ ነው፤ ለሞተ ሰው ማዘን። ጥላሁን የተቀበረው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ቤተ ክርስቲያን የተቀበለችውን ሰው አንቺ «ነፍስ ይማር» ብትዪው የሚቆጣሽ አይታየኝም። እኒያ መሪጌታ እንኳ አልተቆጡም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ድንኳን እንተክላለን።

አንድ ቀን ምረጪ፤ እሑድ ቢሆን ደስ ይለኛል። እንዳንቺ ዘፈን የሚወድ ሁለት ሰው ጥሪ፤ ከሁለት አይበልጥ። አማትሽም ይኑሩ። ቡና አፍዪ፣ ንፍሮም ቀቅዪ ካሻሽ። ሰው ይስቅብኛል ብለሽ አትፍሪ፤ የሚስቅ ካለ አትጥሪው። እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ዘፈን ታሰማላችሁ፤ መቼ እንደሰማችሁት፣ ከማን ጋር እንደነበራችሁ ታወራላችሁ። አንቺ ካሴቱን ማን እንደሰጠሽ ተናገሪ። ጮክ ብለሽ። ስሙን ጥሪው።

ከዚያ አማትሽን ሙሾ ጠይቂያቸው። እንዳትስቂ። በእሳቸው ዕድሜ ያለች የጎጃም ሴት ሙሾ የማትችል ከሆነች እኔ ጎጃሜ አይደለሁም። «ዘመድሽ ነው?» ያሉሽ ሴት «ለዘፋኝ ቢሆን እንዴት ይወረድ ነበር እሜቴ?» ብትያቸው መጀመሪያ እንቢ ይላሉ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ይጀምራሉ። እኔ እንኳ አልቃሽ ሳልሆን ደብዳቤሽን አንብቤ እንዲህ ሞከርኩ፦

ሰው ሁሉ ለመስቀል ሲገባ ከቤቱ፣
አንተ ምነው ወጣህ ሳይጠፋ እሳቱ።

የዋሸራ ቅኔ ቤት ሰው ቢያየው ፊቱን ያዞራል፤ ይሁን። አማትሽ የተሻለ ያወርዳሉ።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ነፍስ ይማር» ተባባሉና ተነሡ። ሲኒውን እጠቢ። ወንበሩን ቁጠሪና ወደ ቦታው መልሺ፤ የምር ቁጠሪው። ድንኳኑ ተነሣ ማለት ነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ስልክሽ መኝታ ቤት አይገባም። ሳሎን ይደር። ቲክቶኩ ላይ ለቅሶ ቪዲዮ ሲመጣ ጣትሽን ሳታቆሚ እለፊው፤ «አልፈልግም» የሚለውንም ንኪው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ መላኩን ይቀንሳል። ዘፈኑን ግን አትተዪ። ቀን፣ ማሽንሽ ላይ፣ በብርሃን አዳምጪው። ሙታንን ማስታወሻ ቀን አለሽ፤ ቡሄ አለ፣ መስቀል አለ። እስከዚያ ይረፉ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ትንሽ ታኮርፊኝ ይሆናል። ሚሞሪ ማስሞላቱን ነው። ለቅሶ ደራሽ ባዶ እጁን አይሄድም አይደል? እንጀራ ይይዛል፣ ገንዘብ ይጥላል። የዘፈን ቤቱ ልጅ ሃምሳ ብር ተቀብሎ ሚሞሪሽን ሲሞላ ለሟቹ ልጆች አንድ ሳንቲም አይደርስም። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የግጥምና የዜማ ደራሲን መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ አቆይቷል። ኤልያስ ራሱ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ከጓደኞቹ ጋር «አውታር» የሚባል፣ ሙዚቃ በሕጋዊ መንገድ በስልክ የሚገዛበት መተግበሪያ ያስጀመረው ለዚሁ ብሎ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲኖርና ኪስሽ ሲፈቅድ የአንዱን ዘፈን በሕጋዊው መንገድ ግዢ። ለቅሶ ደረስሽ ማለት ነው።

ወደፊትም «እገሌ ሞተ» የሚል ሲመጣ ቤተሰቡ ወይም የታወቀ ጣቢያ እስኪናገር እንባሽን ያዢው። በቁሙ ስንት ጊዜ የገደሉት ዘፋኝ አለ፤ ወጥቶ «አለሁ» እስኪል ድረስ የሚለቀስለት።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ ወሩ ሲያልቅ አሁንም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካልወረደልሽ፣ ወይም ደግሞ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ሆስፒታል ሂጂና ለሐኪሙ እንዳለ ንገሪው። ይሄኛው ሐሳብ ከመጣማ ወሩን አትጠብቂ፤ ለባለቤትሽ ወይ ለአማትሽ ያኔውኑ ተናግረሽ አብራችሁ ሂዱ። «ለዘፋኝ አልቅሼ ነው» ማለት ካሳፈረሽ «እንቅልፍ አጣሁ» በዪው፤ ከዚያ በኋላ እሱ ይጠይቅሻል።

የደንበኞችሽ ልብስ ግን ይድረስ። በተለይ የሠርግ ከሆነ።

ከቀይ መስቀል መልስ ከመጣ ጻፊልኝ። ካልመጣም ጻፊልኝ። አማትሽ ያወረዱትን ሙሾም ላኪልኝ፤ ከእኔው ጋር ላስተያየው። ቡናውን ስታፈዪ ጀበናውን አስቀድመሽ ከእሳት አውርጂው።